ከበድ ካለ ወደ ወንዙ፣ ቀለል ካለ ወደ አዳራሹ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ቃል ተጨምራ ብትገኝ የተረከው ምላስ ከላንቃ ጋር ተጣብቆ ይቅር። ሰው ወሬ ሲይዝ ያጋንናል ይባላል፤ እዚህ ግን የተደረገው ተቃራኒው ነው። የሆነው ነገር ከመብዛቱ የተነሣ ግማሹ ተቀንሶ ነው የቀረበው፤ ሙሉው ቢነገር ማን ያምናል? የተጠራጠረ ካለ ጋሽ ነጎድጓድን ይጠይቅ። እሱ አልበቃ ካለው ደግሞ በዚያ ሰሞን ወንዙ ዳር የነበሩትን ይጠይቅ።

በዚያን ጊዜ አገሪቱ አራስ ነበረች። ባንዲራዋ ከችኮላ ብዛት ቀለሙ በቅጡ ሳይደርቅ ነው የተሰቀለው፤ ዝናብ የጣለ ዕለት ከሥሩ የሚቆመው ዘበኛ ትከሻው ዥጉርጉር ሆኖ ወደ ቤቱ ይገባል። የገንዘብ ሚኒስቴር ከፀጉር ቤቱ ፎቅ ላይ ነበር፤ የውጭ ጉዳይ ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ። የጦር ሚኒስቴር ደግሞ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነበር የሚሠራው፤ ምክንያቱም የጦር ሚኒስትሩ መድኃኒት ቀማሚ ነበሩ። ከተሾሙም በኋላ ነጩን ጋውን አላወለቁም። የጦር አዛዡ ስለ ምሽግ ሊያማክራቸው ሲገባ፣ የሳል ሽሮፕ ሊገዙ የመጡ አሮጊት ከኋላው ተሰልፈው «ቶሎ በል እንጂ ልጄ፣ ሰው እኮ ቆሟል» እያሉ ወገቡን ይጎስሙታል።

ጎረቤት ጥርሱን የሳለው እንግዲህ በዚህች ለጋ አገር ላይ ነው። ከወንዙ ማዶ የሰፈረው ጦር ብዛቱ አይነገርም። ቁርስ ሲያበስል ጭሱ ወዲህ ማዶ ላይ ፀሐይ ይጋርዳል፤ ባንድ ላይ ሲያስነጥስ የዛፍ ቅጠል ይረግፋል። በወዲህ በኩል ድልድዩን የሚጠብቁት ልጆች ግን የያዙት ከሳንቃ የተጠረበ ጠመንጃ ነው። እውነተኛው እንዳይገባ ደግሞ ወደቡ ተይዟል። የቀድሞዎቹ ገዢዎች ቤተ መንግሥቱን ቢያስረክቡም ወደቡን ገና አልለቀቁም፤ ከመርከብ የሚወርደውን ሁሉ የሚፈትሹት የእነሱ ሰዎች ናቸው። ጥይት ይቅርና የቆርቆሮ ምስማር ያስመጣ ነጋዴ «ይህ ሹል ነገር ለምንድን ነው?» እየተባለ ፀሐይ ላይ ሲቆም ይውላል።

ጋሽ ነጎድጓድ የከተማው የማርሽ ባንድ መሪ ነበር። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ የለም። ጥሩምባ ሲነፋ ሦስት ሰፈር አልፎ የተሰጣ ልብስ ይደርቃል፤ «እንደምን አደርክ» ሲል መስኮት ይርገበገባል። ሲያንሾካሹክ እንኳ የሚያንሾካሹክለት ሰው ጆሮውን ይይዛል። ይህ ሰው በዓለም ላይ የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም በድልድዩ ላይ የቆመችው አንዲት ልጁ እንዳትሞትበት።

አንድ ቀን ልጅቱ ለዕረፍት መጣች። ጠመንጃዋን በሩ ጥግ አቁማ ልትታጠብ ስትሄድ አንሥቶ አየው። እንደ መጥረጊያ እንጨት ቀለለው፤ መዳፉም በጫማ ቀለም ጠቆረ።

«ይሄ ምንድን ነው የኔ ልጅ?»

«ጠመንጃ ነዋ አባዬ።»

«ይተኩሳል?»

«ከሩቅ ያስፈራል።»

«ከቅርብስ?»

ልጅቱ ፊቷን በፎጣ እያደረቀች ሳቀች። «ከቅርብ እንዳይመጡ ነው እንግዲህ የምንጸልየው።»

እሱ አልሳቀም። ባለቤቱም አልሳቀችም። ልጅቱ ተመልሳ ከሄደች በኋላ ምግብ አቅርባለት ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና «ብላ» አለችው። «ብላና ጥሩምባህን ንፋ። ልጄ በዘነዘና ትዋጋልህ የለ!»

ጉርሻውን ወደ ትሪው መለሰው።

በዚያው ሳምንት ነው መድኃኒት ቀማሚው ያስጠሩት። ደንበኛው ሁሉ እስኪወጣ ጠብቀው በሩን ቆለፉ፤ «ለምሳ ተዘግቷል» የሚለውን ሰሌዳ ወደ ውጭ ገለበጡ፤ መጋረጃውን ሳቡ። ከዚያ ከመደርደሪያው የጉሮሮ ከረሜላ አውጥተው ለእንግዳቸው ሰጡት።

«ነጎድጓድ፣ ባሕር ማዶ ትሄዳለህ። መሣሪያ ገዝተህ ትመጣለህ።»

«ዕድሜ ይስጥዎት! ትልቁ ጥሩምባችን፣ ቱባው እኮ ሆዱ ተቀዷል። ትሮምቦኑም ቢሆን…»

«መሣሪያ ነው ያልኩህ።»

«እሱን እኮ ነው የምልዎት! ክላርኔቱማ ከነጭራሹ…»

መድኃኒት ቀማሚው አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው፣ ከሆዳቸው ጥልቅ ቦታ አንሥተው፣ «መሣሪያ!» አሉት።

ጋሽ ነጎድጓድ ከረሜላውን ዋጠው። «ኧረ የአባቴ አምላክ» አለ።

«አየህ?» አሉ ሚኒስትሩ፤ ዓይናቸው በራ። «ሌላ አገር ቢሆን ለዚህ ሥራ ምስጢራዊ ፊደል የሚፈለስፍ ሊቅ ይቀጠር ነበር። የእኛ ቋንቋ ግን ራሱ ሰላይ ነው። ‹መሣሪያ› ብለህ ገበያ መሀል ብትጮህ ግማሹ ክራር ይመስለዋል፣ ግማሹ መትረየስ። ምን ብለው ይከሱሃል? ለአዲስ አገር አዲስ ባንድ፤ በቃ! ከዛሬ ጀምሮ ጠመንጃ የምትባል ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ። ለሚስትህም፣ ለራስህም።»

«ታዲያ እኛስ በምን እንለያታለን?»

«በአባባል ነዋ! ከበድ አድርገህ ከደረት ስትላት የጦር ናት። ቀለል አድርገህ ከአፍንጫ ስትላት የሙዚቃ ናት። አንተ የድምፅ ሰው አይደለህ? እስቲ በላት።»

ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች የመድኃኒት ጠርሙስ መሀል ቆመው ተለማመዱ። አንዱ «መሣሪያ!» ይላል፣ ሌላው «ይህቺ የትኛዋ ናት?» ይላል። «የጦር!» «ጎበዝ! ይህቺስ?» «የሙዚቃ!» ጋሽ ነጎድጓድ የጦሯን ሲላት ከመደርደሪያው ላይ የሕፃናት ዱቄት ወረደ። ውጭ የቆመ ራስ ምታተኛ በመስኮቱ ቀዳዳ አይቷቸው፣ ከእኔ የባሰ ታማሚ አለ ብሎ ተመለሰ ይባላል።

ዕቅዱም በዚያው አለቀ። ዕቃው ወደብ ሲደርስ የመድኃኒት ቤቱ ሹፌር በጭነት መኪናው ሁለት ዙር ይጭናል። ምን እንደሚጭን አይነገረውም፤ ያላወቀ ሰው አይናገርም። እሱ የሚጠይቀው አንዲት ጥያቄ ናት፤ «ምንድን ነው የጫንኩት ጋሼ?» መልሱ ሁልጊዜ «መሣሪያ» ነው። ከበድ ካለ ወደ ወንዙ ይነዳል፣ ቀለል ካለ ወደ ባንዱ አዳራሽ። ፈታሾቹ ሺህ ጆሮ ቢኖራቸው ከዚህ ምን ያገኛሉ?

ጋሽ ነጎድጓድም ባሕር ተሻገረ። የሄደበት ከተማ ስፋት ሲናገሩት ይደክማል፤ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የተነሣ ሰው ሲደርስ ፀጉሩ ሸብቷል። ሻጩ የፒያኖ ሱቅ ነበረው። ከኛው አገር ልጆች ጋር ያደገ ሰው ስለነበር ቋንቋችንን ይችላል። «ከየትኛው ነው የምትፈልገው?» ሲለው ጋሽ ነጎድጓድ ከደረቱ አውጥቶ «መሣሪያ!» አለው፤ ሱቁ ውስጥ ያሉት ፒያኖዎች ክራቸው ሁሉ አብሮ ጮኸ። ሻጩ ገባው። የትልቁን ፒያኖ ክዳን ሲያነሣው ውስጡ ጠመንጃ ተደርድሯል።

እዚህ ላይ ነው ሰውዬው ማንነቱን ያሳየው። በሕይወቱ ጠመንጃ ገዝቶ አያውቅም። ጥሩ ይሁን መጥፎ በምን ይለያል? ቧንቧ ግን ያውቃል። አንዱን አነሣና አፈሙዙን ከንፈሩ ላይ ገጥሞ ነፋው።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለ ሻጩ ደንግጦ።

«ይሄ ውስጡ ዝጓል። ሶል መስጠት ሲገባው ፋ ነው የሚሰጠው። አንሣልኝ።»

ሲነፋ ዋለ። ጥርት ያለ ሶል ያልሰጠውን ሁሉ መለሰ። ሻጩ በሥራው ዘመኑ ብዙ ጄኔራል አስተናግዷል፤ እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ገዢ ግን አላየም ብሎ ለልጆቹ ነግሯል። ስለዚህ የዚያች አገር ጦር በዓለም ላይ ጠመንጃው ሁሉ ባንድ ቅኝት የተቃኘ ብቸኛው ጦር ነበር።

ዕቃው ታሸገ። ሳጥኖቹ ሁሉ አንድ መልክ፣ አንድ ልክ ነበሩ። ግማሾቹ ከላይ እስከ ታች የሙዚቃ ናቸው። ግማሾቹ ላያቸው የሙዚቃ ነው፣ ከገለባው በታች ግን ጠመንጃ፣ ጥይት፣ ፈንጂ። የላይኞቹ ጥሩምባዎች እንኳ ሆዳቸው አልቦዘነም፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ጥይት ተጠቅጥቆባቸዋል።

ወደቡ ላይ የቆርቆሮ መጋዘን አለ። ረፋዱ ላይ ገና ሙቀቱ ሰው ይጠብሳል። ሳጥኖቹ ተደርድረዋል፤ በግድግዳው በኩል የጦሮቹ፣ በበሩ በኩል የሙዚቃዎቹ። ይህን የሚያውቀው ጋሽ ነጎድጓድ ብቻ ነው። ሹፌሩ መኪናውን አዙሮ በሩ ላይ ቆሟል። ወዛደሮቹ ክንዳቸውን አጣምረው ይጠብቃሉ።

ፈታሹ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጠመኔ የያዘ ሰው ነው። ያለፈለት ሳጥን ላይ በጠመኔ መስቀልኛ ያሰምራል፤ ያላለፈለት ከነባለቤቱ ይቀራል። ቋንቋችንን ከሴት የቤት ሠራተኛው ስለተማረ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነው የሚለው።

«አንቺ ነሽ የባንዱ አለቃ?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

ፈታሹ በሳጥኖቹ መሀል ተራመደ። በበሩ በኩል ያሉትን አለፋቸው። በግድግዳው በኩል ቆመ። በጫማው ጫፍ አንዱን ነካ አደረገው።

«ይኼን ክፈቺ።»

ምስማሩ በመፈንቀያ ሲነቀል የሚሰማው ጩኸት ጥርስ ያንገጫግጫል። ክዳኑ ተነሣ። ከገለባው ላይ አንድ ቱባ እንደ ወርቅ ቂብ ብሏል። ፈታሹ በአንድ እጁ ሊያነሣው ሞከረ፣ አልቻለም። በሁለት እጁ ሞከረ።

«ለምን ከባድ ነች?»

«አዲስ ስለሆነ ነው ጌታዬ። ድምፁ ገና ውስጡ ነው። እየተነፋ ሲሄድ ይቀላል።»

ፈታሹ ቱባውን ተወው። ከዚያ እጁን ወደ ገለባው ሰደደና ጣቶቹን እዚያው አሳረፈ። ከጣቶቹ ሥር አንድ ክንድ በማይሞላ ጥልቀት ላይ ነው ጠመንጃው።

«ንፊያት» አለ።

ቱባውን አነሣው። የሆዱ ክብደት ጀርባውን አጎበጠው። ከንፈሩን ሲገጥም ብረቱ ከንፈሩን አቃጠለው። ይህ ቱባ ካልጮኸ እጁ ይወርዳል፤ እጁ ከወረደ ሳጥኑ ይቀራል፤ ሳጥኑ ከቀረ ልጁ ነገ ማለዳ ድልድይ ላይ ሳንቃ ታቅፋ ትቆማለች። መጋዘኑ ውስጥ ያለውን አየር ጠቅልሎ ሳበው፤ ወዛደሮቹ ትንፋሽ አጠራቸው፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ወደ ውስጥ ጎበጥ አለ። ነፋ።

ጉድጓድ የገባ በሬ የመሰለ ድምፅ ወጣ። ከዚያ ከቱባው ሆድ ውስጥ፦ ቅጭል።

«ምን አለች?» አለ ፈታሹ።

«ደወል ነው።»

«የምን ደወል?»

«የብሔራዊ መዝሙራችን መግቢያ። በደወል ነው የሚጀምረው።»

«ብሔራዊ መዝሙር አላችሁ እንዴ?»

«አለን እንጂ!» አለ ጋሽ ነጎድጓድ። አገሪቱ ገና መዝሙር ይቅርና የፖስታ ቴምብር አልነበራትም።

«ሙሉዋን ንፊያት። ልስማ።» እጁ ከገለባው አልወጣም።

እንግዲህ ያ መዝሙር እዚያው ቱባው ውስጥ ተወለደ። ጋሽ ነጎድጓድ ሲነፋ ጥይቱ ይንከባለላል፤ ቅጭል ባለ ቁጥር ምቱን በዚያ ላይ ይጥለዋል። ሆን ተብሎ የተደረሰ ነበር የሚመስለው። ላቡ ጫማውን ሞላ። ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ግንባሩ ላይ ያለው ሥር እንደ ገመድ ተወጠረ። ከውጭ የቆመች መርከብ በመለከቷ መለሰችለት፤ ጣሪያው ላይ ያሉ ርግቦች በሰልፍ ቆሙ። ሦስተኛው አዝማች ላይ ሲደርስ ጉድ ፈላ። አንዲት ጥይት ከጨርቋ አመለጠችና ተንከባልላ ወደ ቱባው አፍ መጣች። ሹፌሩ ከበሩ ሆኖ ብልጭ ስትል አያት፤ ዓይኑን ጨፈነ። ፈታሹ ዘወር ቢል ያያታል። ጋሽ ነጎድጓድ ምን ያደርጋል? መንፋቱን ትቶ ሳበ። በትንፋሹ ጠራትና እንደ ምስር ወደ ሆዱ መለሳት፤ ወደ ቱባው ሆድ ማለት ነው። ዜማው ለአፍታ እንኳ አልተቋረጠም።

ሲጨርስ ፈታሹ እጁን ከገለባው አወጣ። ባርኔጣውን አወለቀ፤ ዓይኑን በባርኔጣው ጠርዝ ጠረገ።

«የኔ አገር መዝሙር እንደዚች አታምርም» አለ። ከዚያ በጠመኔው ያን ሳጥን፣ የሚቀጥለውን፣ ሁሉንም መስቀልኛ በመስቀልኛ አደረጋቸው። «አንቺ ጎበዝ ነሽ። ውሰጂ።»

ወዛደሮቹ መጫን ጀመሩ፤ መጀመሪያ በግድግዳው በኩል ያሉትን። ጋሽ ነጎድጓድ ሊያመሰግን አፉን ሲከፍት ግን ድምፅ አልነበረም። ፈልጎ አጣው። ያ ሰፈር የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ቱባው ውስጥ ቀርቷል። መኪናው ሞላ። ሹፌሩ መስኮቱን አወረደ። ፈታሹ ከጎኑ ቆሞ ሲጋራ ይለኩሳል፤ ከአዲሱ ወዳጁ መለየት አልፈለገም።

«ምንድን ነው የጫንኩት ጋሼ?»

ጋሽ ነጎድጓድ አገጩን ደረቱ ላይ ጣለ። ከሆዱ ገፋ። የወጣው ግን በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚገባ ነፋስ ያለ ነገር ነው።

«መሣሪያ።»

ሹፌሩ ቅንድቡን አነሣ። «እ?»

ፈታሹ ቀና አለ። ደጋግሞ መጠየቅም ደጋግሞ መመለስም አይቻልም።

«መሣሪያ» አለ ጋሽ ነጎድጓድ፤ ይህቺ እንዲያውም ከፊተኛዋ ቀጠነች።

ሹፌሩ አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ ፈታሹን አየ። «ገባኝ ጋሼ» አለና ነዳው። መንገዱ ከወደቡ በር ወጥቶ የሚከፈለው ከመጋዘኖቹ ጀርባ ስለሆነ በየት በኩል እንደታጠፈ ከዚህ አይታይም። መታየትም አያስፈልገውም። ያ ሹፌር ሞተሩ ሲያስል የትኛው ብሎን እንደላላ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ሁለት ቃና ይጠፋዋል እንዴ? ለሁለተኛው ዙር ሲመለስ ጋሽ ነጎድጓድ ውሃ ጠጥቶ፣ አስሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ጠበቀው። «መሣሪያ» አለው፤ ትንሽ ሻከር ብላ ወጣች እንጂ ደኅና ነበረች። «ገባኝ ጋሼ» አለ ሹፌሩ አሁንም። ስህተት የሚባል ነገር አልነበረም።

አዳራሹ ሲደርስ ሳጥኖቹ ከመድረኩ ሥር በሥርዓት ተደርድረው አገኛቸው። መድኃኒት ቀማሚው ሪባን አስረውባቸው ነበር። «በክብር ቆርጬ እስክከፍታቸው ማንም እንዳይነካ» ብለው አዘዋል፤ ሚኒስትር ከሆኑ ጀምሮ ሪባን ቆርጠው አያውቁም ነበርና። ባለቤቱ ከበሩ ጠበቀችው።

«ደረሰላት?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«በአፍህ ንገረኝ እንጂ፤ ደረሰላት ወይ?»

ድምፁ እንደገና ጠፍቷል። እጇን ይዞ ደረቱ ላይ አደረገው። እንዲያ ሆነው ወደ ወንዙ አቅጣጫ ጆሯቸውን ተክለው ተቀመጡ። ምግብ ቀረበ፣ ተነሣ። ሰው መጣ፣ ሄደ። እሷ አንድ ጊዜ ብቻ «ዝም ማለትህ አስፈራኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ዝም በል ስልህ ኖሬ» አለችው።

በማግስቱ ፀሐይ ሞቅ ስትል ከወንዙ በኩል ድምፅ ተሰማ። ጫጫታ፣ ጩኸት፣ አየሩን የሚሰነጥቅ ነገር። ከተማው ሁሉ ወደ ደጅ ወጣ። ሆነ! መሣሪያው ደርሷል!

ውጊያው እንዴት ነበር መሰላችሁ? የእኛ ልጆች ሳንቃቸውን ወንዝ ውስጥ ወርውረው እውነተኛውን አነሡ። ባንድ ቅኝት የተቃኘ ጠመንጃ ባንድነት ሲተኮስ ተራራው ሶል እያለ አስተጋባ። ወንዙ ፈላ፤ ዓሣው ተቀቅሎ ዳር ወጣ። የጋሽ ነጎድጓድ ልጅ ድልድዩ መሀል ብቻዋን ቆማ ግማሹን ጦር አባረረች፤ ሌላው ግማሽ የፊተኛው ሲሮጥ አይቶ ሮጠ። ከመሸሻቸው ፍጥነት የተነሣ ጥላቸው ኋላ ቀርቶ ገና አልደረሰባቸውም።

በዚያው ዕለት ቀትር ላይ ፈታሾቹ ያን ድምፅ ሰምተው መርከባቸው ላይ ወጥተው ወደቡን ለቀቁ። ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። መቀመጫ ያላገኙ ልጆች ከመድረኩ ሥር ያሉት ሳጥኖች ላይ ተሰቅለው እግራቸውን ያወዛውዛሉ፤ አንዱ በተረከዙ ክዳኑን እንደ ከበሮ ይደልቀዋል። መድኃኒት ቀማሚው መቀሳቸውን ይዘው መድረኩ ላይ ናቸው። ጋሽ ነጎድጓድ በሳቸው ሽሮፕ ድምፁ ተመልሶለት፣ ከላይ የተጻፈውን በሙሉ፣ ከፒያኖው ሱቅ እስከ ጥላው ድረስ፣ አንድ ሳያስቀር ተረከ። ሕዝቡ ያፏጫል፣ ያጨበጭባል። ባለቤቱ ከፊት ረድፍ ተቀምጣ አሁንም አሁንም ወደ በሩ ትዞራለች።

ልጅቱ ገባች። አቧራ ለብሳለች፤ ሹፌሩ ከኋላዋ ባርኔጣውን በእጁ እየጨመደደ ቆሟል። እናቷ ዘልላ አቀፈቻት፤ ፊቷን፣ ክንዷን፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሰች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

«መጣችላችሁ!» አለ ጋሽ ነጎድጓድ ከመድረኩ ላይ፤ ድምፁ ተሰነጠቀ። «ነይ የኔ አንበሳ! ንገሪያቸው! እንዴት አድርገሽ እንዳባረርሻቸው ንገሪያቸው!»

ልጅቱ ከእናቷ እቅፍ ሳትወጣ አየችው።

«አባዬ፣ እኛ ጋ የመጣው ጥሩምባ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ከላይ እስከ ታች ጥሩምባና ከበሮ።»

«ታዲያ ያ ጠዋት የሰማነው…»

«ልጆቹ ሲነፉት ነው። መንፋት የሚችል አልነበረም።»

«ጠላትስ? ሲሸሽ…»

«አልሸሹም። እዚያው ናቸው። ማንም አልተኮሰም።» ወደ ሹፌሩ ዞር አለች፤ እሱ ወለሉን ያያል። «ፈታሹም ጥርሱን አሞት ሳጥን ሳያስከፍት ነው ጠመኔውን ያደረገው ይላል። አንተም ድምፅህ የጠፋው ጉንፋን ይዞህ ነው አሉ።»

መድኃኒት ቀማሚው መቀሳቸውን እንደከፈቱት ቀሩ። ጋሽ ነጎድጓድ አፉን ከፈተ፤ ከደረቱም ከአፍንጫውም የመጣለት ነገር የለም።

«መኪናው ደጅ ነው፤ ልወስዳቸው ነው የመጣሁት» አለች ልጅቱ፤ ድምፅዋን ሳታነሣ ወደ መድረኩ ሥር እያየች። «በመጀመሪያ ግን ልጆቹን ከሳጥኖቹ ላይ አውርዷቸው አባዬ። ቀስ አድርጋችሁ።»